ትከሻው ውስጥ

ሥጋ ቤቴ ትንሽ ናት፤ ከሐይቁ በላይ፣ ከጥድ ጫካው ሥር፣
በሰሜን ሚሺጋን፤ ኖቬምበር ሲጋመስ፣ በረዶ ሲጋገር።
አሥራ ስድስት መንጠቆ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ቢላ አለኝ፤
ያደነ ሁሉ ይመጣል፣ አጋዘኑን አራግፎ ወሬውን ሊጭንብኝ።

መጀመሪያ የሚናገር አርቮ ነው፤ ሁልጊዜም እሱ ነው።
ቀስቱን ራሱ ጠርቦ፣ የፍላጻውን ስለት ራሱ ቀጥቅጦ የሚሠራ ሰው።
«አደን» ይላል፣ ጺሙ ላይ የጋገረውን በረዶ እየጠረገ፣
«ትንፋሹን እስክትሰማ መጠጋት ነው። ሌላው ሥጋ ፈለገ
እንጂ አላደነም።»

ዴልበርት ይስቃል። ጉልበቱ ሁለቴ ተቀዷል በሐኪም፤
በረዶ ላይ መሳብ፣ ዛፍ ላይ መንጠልጠል ከእንግዲህ አይሆንለትም።
ከጫካው ጫፍ የሣንቃ ጎጆ አለችው፤ የጋዝ ማሞቂያ፣ ምንጣፍ ሳይቀር፤
ከመስኮቷ ፊት አንድ ጆንያ ካሮት ዘርግፎ ይጠብቃል፤ ዳኛ ነው፣ ባለ ወንበር።
«አባቴ በመኪና መብራት አፍዝዞ ነበር የሚተኩስ፤ ስምንት ልጅ፣ አንድ ድስት።
አደን ነው፣ አይደለም ብሎ የተከራከረ አልነበረም፣ እየበላ ራት።»

ማርጊት ስልኳን ታወጣለች፤ ግንድ ላይ ያሰረችው ካሜራ
ሌሊት የላከላትን፦ ሰዓቱን፣ የቀንዱን ቅርንጫፍ፣ የወረደበትን ተራራ።
ስም እንኳ አውጥታለታለች። «ሸፋፋው» ትለዋለች፣
ግራ እግሩን ወደ ውጭ ስለሚጥል። «ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ» ትላለች።
«ይህማ ስለላ ነው» ይላል አርቮ።
«ማጥናት ነው» ትመልሳለች።

እኔ ቢላዬን እስላለሁ። ስንት ክረምት ሰማሁት ይህን ክርክር!
መንጠቆው ላይ ግን፣ ቆዳ ሲገፈፍ፣ አይደበቅም ነገር፦
ማን በችኮላ እንደተኮሰ፣ ማን ሆድ እንደመታ፣
ማን በፋኖስ ደም ሲከተል እንዳደረ፣ ማን ትቶ እንደተኛ ማታ።
ሥጋ አይፎክርም።
ቀዳዳውን ያሳያል፣ ያን ብቻ።

ቅዳሜ ዴልበርት ሸፋፋውን አመጣ፤ ግማሽ ካሮት በጥርሱ እንደያዘ።
ማርጊት አቀፈችው፣ አለቀሰችም፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።
አርቮ አንድ ጊዜ አየና ወጣ፤ ፊቱ እንደ ብረት የቀዘቀዘ።
በሩን እንኳ አልዘጋም።

ማታ ብቻዬን ስበልተው ግራ ትከሻው ላይ ቢላዬ ቀጭ አለ።
ጥይት መሰለኝ፤ ጣቴን ሰደድኩ። ሥጋው ዙሪያውን ቋጥሮ ስለነበረ
ነጭ፣ እንደ ጅማት ጠንካራ፣ ሰንጥቄ አወጣሁት፦
የፍላጻ ስለት፣
በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ ሁለት ጭረት ያለበት።

ያን ጭረት በዚህ አገር የማያውቅ ልጅ የለም።

አምፖሉ ሥር ይዤው ቆምኩ፤ መዳፌ ላይ ከብዶ፣ ከመጠኑ በላይ።
ሦስት ክረምት ይዞት ሮጧል፤ ተኝቶበታል በረዶ ላይ፣
ይዞት ለእንስት ተዋግቷል፣ ይዞት ወንዝ ዋኝቷል፣
ከተኩላ ይዞት አምልጧል።
አርቮ ያደነው ዳነ።
ቁጭ ብሎ የጠበቀው ደግሞ በአንድ ጥይት፣ እያኘከ ሳለ፣
ምንም ሳይሰማው ወደቀ።
ታዲያ የቱ ነው? አልኩ፣ ለማንም።
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ እሱ እንደሆነ ሐሳብ የለውም።

አጠብኩት። ከሚስማሮቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።
በማግስቱ ሁሉም መጡ፣ ስለ ካሮት ሕግ ተጯጯሁ፤ አልነገርኳቸውም፤
ለምን እንደሆነ ዛሬም አጥርቼ አልነግራችሁም።

ማክሰኞ አርቮ ብቻውን መጣ፤ ሁለት ኪሎ ቋሊማ።
ሚዛኑ እስኪረጋ ዝም። ወረቀቱን ስጠቀልል ዝም።
ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ቆጥሮ ጨርሶም አልሄደም።
«ያ ትልቁ» አለ፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ፣ «ትከሻው እንዴት ነበር?»
«የትኛው?»
«ግራው።»

መሳቢያውን ሳብኩት።