ሁለቱን የት ጥለህ?

የጦሳ ጉም ወርዶ፣ ሰኞ ገበያን ውጦ፣
ጋሽ ይማም ከች አሉ፣ ፊታቸው ተለውጦ።
“ስምንት ጊጋ ብለህ፣ የስምንት አስከፍለህ፣
ስድስት ነው የሚለኝ! ሁለቱን የት ጥለህ?”

በጥቁሩ መስኮት ሊኑክስን ጠየቅሁት፣
ያው ስድስት አለኝ፤ አይጨምር ቢለምኑት።
ክዳኑን ፈታሁ፣ ራሙን ነቀልሁ፣
ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ፈትጌ መለስሁ፤
ያው ስድስት።

መብራት ሄዶ መጣ።

ሲነሳ የጻፈውን ቃል ጎንበስ ብዬ ሳነብ፣
ሁለቱ እዚያ አሉ፣ ተቀንሰው ገና ሳይጀመር ሂሳብ።
“አልተሰረቁም ጋሽ፤ ስድስቱን ሊያሳይዎ ስክሪኑ ነው የበላቸው።”
ዝም ብለው ቆዩና፣ አመለጣቸው ሳቃቸው፦

“በለኛ! ሠላሳ ዓመት ደሞዜን ስቀበል፣
ተቆርጦ ነው የመጣው፤ ማንን ሌባ ልበል?”

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልለው
ወደ ጉሙ ገቡ።