ፊርማ

የባንኩ ልጅ ቅጹን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ፤
"እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ወይዘሪት ቨርና" አለችኝ።
ብዕሩን ስጨብጥ ቀኝ እጄ ቀደመኝ፤
የሌላ ሰው ስም ሊጽፍ ሲል አየሁት፤ አላበኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በነብራስካ ሜዳ፣
በቆሎና ነፋስ ብቻ በሚያወሩበት፣
የዘር መጋዘን በነበረ፣ ትቢያው ባልለቀቀው ቤት፣
የወንድም ሃርላን ፊርማ እኔ ነበርኩ።
እሱ አይደለም። እኔ።

"ውድ እኅቴ ሆይ፣ ትናንት ሌሊቱን በሙሉ
ስምሽን እየጠራሁ ተንበርክኬ አደርኩ" ይላል ቃሉ፤
እሱ ግን ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል፣
ወይ ፎቅ ላይ ተኝቷል።
የስሙ ማብቂያ ፊደል ጭራዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል፣
እንደ መንጠቆ።
እሷን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤
ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት መቶ፣
እያንቀላፋሁም እጄ ይሠራልኝ።

ፖስታ እንከፍታለን ከንጋት ጀምሮ፤
አምስት ዶላር ናት፣ በብርማ ወረቀት ተጠቅልላ፤
ሌላው ውስጥ የሟች ባል ሰዓት፣ "ተሽጦ ለሥራው ይዋል" ተብሎ።
ገንዘቡ ለአንዱ ቅርጫት፣ ልመናው ለሌላው።
የልጄ ሳንባ፣ የባሌ መጠጥ፣ የቤቴ ዕዳ፤
ቅዳሜ ማታ ከጓሮ፣ በዘይት በርሜል ውስጥ
ልመናው ይነዳል።
"ጢሱ ያርጋል" ይላል ሃርላን፣ "እግዜር መነጽር አያሻውም።"
እንስቃለን።
እኔም ስቄያለሁ።

ፈቃድ የሚጠየቅበት ሰማያዊ ደብተር ነበረን፤
ጫማ ለመግዛት፣ ፀጉር ለመቆረጥ፣ እናት ጋ ለመደወል።
አባቴ በጥቅምት ሞተ። ጻፍኩ።
"አራት ሰዓት ተፈቅዶልሻል" የሚል መልስ መጣ፣ በገዛ እጁ፤
ለካ መጻፍ ይችላል።
መንገዱ መሄጃው ሦስት፣ መመለሻው ሦስት።
ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። ቀረሁ።
የዚያኑ ቀን አዮዋ ላለች አንዲት መበለት
"ኀዘንሽ ኀዘኔ ነው" ብዬ በሱ ስም ፈረምኩላት።
ከጻፍኩት ሁሉ እውነቱ
እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ዶሪን።
ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው የሷ፣ ታችኛው የኔ፤
ብርድ ልብስ ተከናንባ በትንሽ ሬዲዮ
የቤዝቦል ጨዋታ ትሰማለች፤ ድምፁ ትንኝ ያህላል።
ደብተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።
"በፍቅር" ብዬም ጨመርኩበት።
ከቁርስ በፊት አምሳ ሰው ፊት አቆሟት፤
"ምን ሰማሽ? ተናገሪ!"
"ካንሳስ ሲቲ ስድስት ለአራት አሸነፈ" አለች፣
ቀጥ ብላ፣ ዐይኗ እንኳ ሳይረጥብ።
ሌሊት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ
ጠጠሩን ስትረግጠው ሰማሁ፤ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ፤
ተኝቻለሁ አልኩት ለራሴ።

ይህንንም ልናገር፣ ብተወው ውሸት ነው፦
ደስ ያለኝ ቀን ነበር።
በረዶ ሲጥል፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር
አርባ ሰው ባንድ ድምፅ ሲዘምር
ደረቴ እንደ ምድጃ ይግል ነበር።
ከወጣሁ ወዲህ ከቁርስ ብቀር
"ቨርና የታለች?" የሚል የለም።
ነፃነት ይሉታል። ልክ ናቸው።
ሱፐርማርኬት ገብቼ ከአርባ ዓይነት ዳቦ ፊት
የማንን ፈቃድ እንደምጠብቅ ሳላውቅ
ሃያ ደቂቃ ቆምኩ።

"የእጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል!" አለች የባንኩ ልጅ።
ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስሙ የራሴ ነው፣ ቨርና ቶሊቨር፤
ጭራው ግን ወደ ላይ ተቀልብሷል።
ቀደድኩት። "ሌላ ቅጽ ስጪኝ" አልኳት።
ሁለተኛውም ላይ አለ፣ ቀለል ብሎ።
"ሌላ።"
ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፤
አንዱ ያስላል፣ አንዷ ሰዓቷን ታያለች።
ይቁሙ።