ከመቶ የን ካርቶን

አማጋሳኪ ላይ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር፣
ዝናብ አባርሮኝ የገባሁበት በር፣
አሮጌ ጨዋታ የሚቸረቸርበት፣
ባቡር ባለፈ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ቤት፤
ከመግቢያው በስተግራ፣ ከጃንጥላው ጎን፣
አንድ የላላ ካርቶን፤ «ሁሉም መቶ የን»።

እጄ ቀድሞኝ ገባ።
«የጨው ዘውድ» ይላል፤ ጥጉ ተላልጧል፣
የልዑሉን ፊት ፀሐይ መጦታል።
ጥርሴን የነቀልኩበት፣ ዓይኔን የገበርኩበት፣
ዛሬ መንገድ ዳር ማሽን ከሚተፋው
ከአንድ ቆርቆሮ ሻይ ያነሰ ነው ዋጋው።

ያኔ እንዲህ አልነበረም።
በታኅሣሥ ሌሊት፣ በኦሳካ ጎዳና፣
ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ፣ በእግሩ አደረና፣
ወረፋው ሕንፃውን ሁለቴ ጠምጥሞ፣
ንጉሥ የሚጠብቅ ይመስል ነበር ቆሞ።
አለቃችን ደግሞ፣ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣
«ከእንግዲህ ሌላ አያምራችሁም!» አለ፣ ክራቫቱን ስቦ።
ያን ሰዓት እኛ ከጠረጴዛ ሥር ነን፣
ጫማ ተንተርሰን።
ከበሮ በሰው እጅ ያምራል፤
ቆዳው የቱ ጋ እንደተቀደደ
የያዘው ያውቃል።

«ይሄ ያዋጣል?» አለ አንድ ልጅ ከኋላዬ፣
የያዝኩትን አይቶ።
ቦርሳውን እንደ ጫጩት ደረቱ ላይ አቅፏል፣
ከፀጉሩ ጫፍ ውኃ ካልሲው ላይ ይወርዳል።
ባለሱቁ ኑማጂሪ መነጽሩን ጠረገ፣
«ስሙ ትልቅ ነበር፤ እኔ ስሙን ብቻ ነው የማውቀው» አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር።

ስማ፣ አልዋሽህም።
የመጀመሪያው ዐሥር ሰዓት ያው ሜዳ ነው፣ ያው ተኩላ፤
ገድለኸው ዞር ስትል፣ ተነሥቶ ከኋላ።
ልዑሉ ወሬ ያበዛል።
ባለሟሉ ይከዳዋል፤ ገና ሲገባ ከፊቱ ያስታውቃል።
ካርታው ላይ አራተኛ አህጉር ታያለህ፣
ግን አትደርስበትም፤
ወደቡ ላይ አንድ መርከበኛ አለ፣ መቶ ጊዜ ብትጠይቀው
«ማዕበሉ በርትቷል» ነው የሚልህ።
እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ።
ማዕበሉ ገንዘብ ነበር። አለቀ።

«እና አያዋጣም» አለ ልጁ።

ቆይ።
ሦስተኛው መንደር ውስጥ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣
አንድ ጉድጓድ አለ።
ሰይፍ አታገኝበትም፣ ወርቅ አታወጣበትም።
ሰማዩ ሲጠቁር ብቻ ሄደህ አጠገቡ ቁም፣
ቁልፍ አትንካ።
ጠብታው ሲወርድ ክብ ይሠራል፣
ክቡ ሌላ ክብ ሲያገኝ አይጣላም፣
ውስጥ ለውስጥ ይተላለፋል።
ለእሱ ሦስት ወር ከፈልኩ።
ድምፁን ኢቺኖሄ ነው የቀዳው፣
እናቱ ጓሮ፣ በዓሣ ባልዲ፣ ሌሊቱን ቁጢጥ ብሎ።
«ማን ያየዋል? ቁረጡት!» ተባልን።
ኢቺኖሄ ፋይሉን «በር ሰባት» ብሎ ሰየመው፣
በር የሚቆርጥ የለምና፣ አለፈ።

ልጁ አሰበ።
«እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ነው?»
«ሃያ ሁለት።»
«ተኩላዎቹን ሳልገድል?»
«አይሆንም።»
ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ የቤት ሥራውን፣ ዋናውን፣ እሑዱን።
ከዚያ ሳቀ።
«አክስቴ፣ ማጫወቻው እኮ የለኝም።»
ኑማጂሪ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አገጩን አነሣ፤
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ።
ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ቦርሳውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣
ሮጠ።

እኔም ማጫወቻው የለኝም።
ቢሆንም መቶ የን ቆጥሬ ከፈልኩ፣
ደረሰኝም ተቀበልኩ።

በሩ ላይ ቆሜ ባባ እስኪል ጠበቅሁ።
ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ ከብስክሌት ጎማ ሥር
ውኃ አቁሯል፤ ጠብታ ይወርድበታል፣
ክብ ይሠራል፣ ይጠፋል።
ለረጅም ጊዜ አየሁት።
ትንሽ ይቸኩላል።
እኛ ብንሆን
እናዘገየው ነበር።