ከቃል የተረፈ

ብርኖ ላይ፣ በጥር፣ በመስታወት ቤት ውስጥ፣
ቭላስታ ኦርኪዶቿን ከምትጠብቅበት፣
አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ፤
ጀርባው ላይ የቀረለት
ዘጠኝ ጥርስ ያለው አፍ ብቻ ነው።

ትርፍ ሶኬት የለም። ወለሉ እርጥብ።
ባትሪም ብርድ ሲነካው ቶሎ ይደክማል።
ጎረቤቷ ቦሁሚር፣ የትራም ጥገና ጡረተኛ፣
መነጽሩን በክር አስሮ፣
ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ አጎንብሶ፣
"ከራሱ ከገመዱ እንለምን" አለ።

"ይኸ ገመድ ሥራው ቃል ማድረስ ነው፣
ቀለብ መስፈር አይደለም።
ግን አንዱ ሽቦ ቀኑን ሙሉ 'ዝግጁ ነኝ' ይላል፣
አንዱ ደግሞ 'ልናገር ወይ?' እያለ ይጠይቃል።
ከሁለቱ ቃል ላይ ቆንጠር፣ ቆንጠር፤
ቀስ ካልን አይሰማውም።"

ሁለት ዳዮድ በር ላይ አቆመ፣
ለሚገባው ከፋች፣ ለሚወጣው ዘበኛ፤
ቃሉ ወደ እምቢታ ዞሮ ከዜሮ በታች ሲወርድ
በሩ ድርግም።
ከበሩ ኋላ ካፓሲተር፣
ጠብታ በጠብታ የሚሞላ ጎተራ፤
ከጎተራው ደጃፍ አምስት ቮልት ሰፋሪ፣
ትርፍ ቢለምኑት የማይሰጥ ቋጣሪ።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም።
ቺፑ ነቃ፣ አንድ ቁጥር ተናገረ፣ ወደቀ።
ነቃ፤ ወደቀ።
ቦሁሚር ሁለት ሰዓት ሙሉ በሜትር ፈለገ፣
ሻዩ ቀዘቀዘ፣
ኋላ ብቻውን ሳቀ፦
ለጌጥ ያስገባት ቀይ መብራት፣
"እየሠራሁ ነው" ልትል ብቻ የተሰካች፣
ቀለቡን ሁሉ የምትበላው እሷ ነበረች።
በካውያ ጫፍ ነቀላት።
"በፍርፋሪ የሚኖር" አለ፣ "ፋኖስ አያበራም።"

ከዚያ ወዲያ በጨለማ ሠራ።
አሥራ ስምንት ዲግሪ። አሥራ ስምንት። አሥራ ሰባት ተኩል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤
ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሽቦው ዝም ይላል፣
ዝምታውም ራብ ነው፤
ጎተራው ለአንድ ትንፋሽ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም።

ቭላስታ ይህን ስትሰማ ምንም አላለች።
ማታ ግን ካፖርቷን ለብሳ፣ ቁልፏን ይዛ፣
ማሞቂያውን በመዳፏ ዳስሳ፣
ከበሩ ተመለሰች።
ጣቷን መዝጊያው ላይ አሳርፋ
መልሳ አነሳችው።
ሞኒተሩን ብቻ አጠፋች።

ሌሊቱን፣ ከጥቁሩ መስታወት ኋላ፣
ማንም ሳይጠራው አንድ ሽቦ
"ዝግጁ ነኝ" ይላል፤
ውጭ በረዶው ጣሪያውን ይደፍናል።
አሥራ ሰባት ተኩል።
አሥራ ሰባት ተኩል።