ፍሬን ስይዝ

ፍሬን ስይዝ ትስባለች፣ መሪው ከእጄ ይሸሻል፤
ያቺ ነጭ ቶዮታዬ አፍንጫዋ ሐይቅ ያሸታል።
ጎህ ሲቀድ ዓሣ ጭኜ ከጀልባው ጣቢያ ስወጣ፣
ባጃጅ ድንገት ቢደነቀር፣ አህያ ከጎን ቢመጣ፣
እግሬ ፔዳሉን ሲነካው እሷ ወደ ቀኝ ናት፤
ግራ እጄን አጠንክሬ እንደ እምቢተኛ በሬ ነው የምመልሳት።

መካሪ መቼ ጠፍቶ! ጥሩዬ ዓሣ እየመተረች፣
«ጠምቷት ነው፣ ሐይቁን አሳያት» አለችኝና ሳቀች።
ይርዳው የደንገል ታንኳውን በልጥ እያጠበቀ፣
«ታንኳም ባንድ ጎን ይዞራል ውኃ ውስጡን ከዘለቀ።»
እኔ ግን የሚጎትተኝን የቀኙን ጎማ ጠረጠርሁ፤
ሸራውን ሁለቴ ቀየርሁ፣ ዲስኩን ቶርኖ አስላጥሁ፤
የሦስት ሳምንት ገቢ በላ።
እሷ ያው፤ ወደ ቀኝ እንጂ አትል ወደ ሌላ።

ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ ይበልጣል የሚባል አለ፤
ሁለት ጣቱን ቺንጋ የበላው፣ ከወሬም የጎደለ።
ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ጎኔ ገብቶ ተቀመጠ፤
«ንዳ» አለኝ፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ፈጠጠ።
በዘንባባዎቹ መሃል፣ ሐይቁ በቀኛችን ሲያበራ፣
«ያዝ!» ያዝሁ። ሳበች። «ሐይቁ ነው ይኸው የሚጠራ»
አልሁት፤ ቀልዴ ነበር። አልሳቀም። «አዙር» አለና፣
ተመለስን፤ አሁን ሐይቁ በግራ፣ በቀኝ ሱቅና ጎዳና።
«ያዝ!» ያዝሁ። ወደ ቀኝ ሳበች፤ ልትገባ ከሻይ ቤቱ አጥር።
«ይኸው፣ ሐይቁ ነጻ ወጣ» አለ፤ «ሌላ ተጠርጣሪ ቁጠር።»

የጎማ ነፋስ ለካ፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው።
ወረደና እጄን ይዞ ወደ ቀኙ ቸርኬ ሰደደው፤
ይፋጃል፣ እንደ ንዳድ በሽተኛ ግንባር።
ከዚያ ወደ ግራው። ቀዘቀዘኝ፤ የንጋት ጠጠር፣ ከጣና ዳር።
«የታመመው የቱ ነው?»
«ይኼ የሚፋጀው!» አልሁ ተሽቀዳድሜ።
ራሱን ነቀነቀ። «እሱማ የሠራው ነው፣ ወንድሜ።
የሁለቱን ሸክም ይዞ ነው እንዲህ የጋለ።
የሚስበው የሚይዘው ነው፤ ሌላው ቀዝቅዞ ዝም አለ።
ጩኸቱን ትተህ ዝም ያለውን ፍታ።»
ክሪክ ገባ፤ ቺያቬው ጮኸ፤ የግራው ጎማ ተፈታ።

የፍሬኑ ቱቦ ላዩ ደህና፣ ጥቁር፣ ጭረት የሌለው።
በምላጭ ሰነጠቀና ወደ ብርሃን አቀረበው፤
ውስጡ አብጦ ተጣብቋል፤ መርፌ እንኳ አያሳልፍም።
ላዩን ያየ አይገምትም።

አዲስ ቱቦ ገጠመ። ተለማማጇ አትጠገብ
«ያዝሁ!» ትላለች፤ «ልቀቂ!» ይላል፤ አየሩ በአረፋ ሲታለብ፣
ዘይቱ መጀመሪያ ጥቁር፣ ደፍርሶ እንደ ነሐሴ ዓባይ፣
ቀስ በቀስ ነጣ። እኔ ቆሜ ሳይ፣

ለምን እንደሆን እንጃ፣ ደብሬ ትዝ አለችኝ።
እህቴ። ስምንት ወር አለፈን ከተኳረፍን፤ በደወለች ቁጥር እየጮኸችብኝ።
እናታችንን የምታገላብጥ፣ የምታጥብ፣ የምታጎርስ እሷ፤
እኔ ለዘመድ ሁሉ «ነገረኛ ናት፣ ቤቱን ጎተተችው ወደ ራሷ»
እላለሁ። ድምፄ ዝግ ያለ፣ የጨዋ፣ ላዩ ደህና።
ግለቷን አንድ ቀን እንኳ በእጄ አልነካሁምና።

አመሻሽ ላይ ከቤዛዊት ቁልቁል ለፍተሻ ለቀቅናት፤
ረገጥሁ። እሷ ቀጥ አለች፤ እኔ ግን በልማድ ወደ ግራ መለስኋት።
ጥጉን ልንነካ ስንል ይበልጣል መሪውን ያዘና፣
«መኪናዋ ድናለች» አለ፤ «እጅህ ነው የቀረው ገና።»

ሒሳቡን ከፈልሁ። መንገድ ዳር አቁሜ ስልክ መታሁ።
ደብሬ አነሳች፤ ስሜን ሳትጠራ ጀመረች፣ ጮኸች፤ ሰማሁ።
መልስ አፌ ላይ ነበር፣ እንደ ልማዴ፣ የሚያጠማዝዝ።
እጄን ከመሪው አነሳሁ፤ ጭኔ ላይ አኖርሁት፣ ምንም ሳልይዝ።