የመመሪያው አራተኛ ገጽ

ጌንት፣ ከቦዩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አይበረታ፣ አይለቅ።
ሥራዬ መጻፍ ነው፤ ስሜ የማይወጣበት፣
ሰው መላው ሲጠፋው ብቻ የሚመጣበት፤
መመሪያ ይሉታል።

ዛሬ የምጽፍለት መሣሪያ ትንሽ ነው፤ ሥራው አንድ፦
እስከ ሰው የልምምድ ማስታወሻ ደጃፍ መሄድ፣
ቁልፉን አሳይቶ መግባት፤
ሩጫውን፣ ዋናውን፣ የልቡን ምት፣
ከተጻፈበት ቀን ጋር አንስቶ
ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ተመልሶ
ለጠየቀው ወኪል ማስረከብ።
ወኪሉም ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው፤ ያነባል፤
አንብቦ ሲጨርስ ይመክራል።
የእኔንም መመሪያ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው፤
አንባቢዬ ዓይን የለውም፤ ቢሆንም አንባቢ ነው።

ገጽ አንድ፤ አጫጫኑ።
ገጽ ሁለት፤ ቁልፉ፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ።
ገጽ ሦስት፤ «ከ» እና «እስከ»፤
ሁለት ቀን ይጻፋል፤ መሐል ያለው ዕድሜ ተለክቶ ይመጣል።
«ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጠረው» ብዬ አሰመርኩበት፤
ለማሽኑ ሳይሆን ለራሴ፤
እዚህ ዘጠኝ ዓመት ኖሬም «በስድስት ሰዓት ሮጠች» ሲለኝ
ጥላዋ እግሯ ስር የገባ፣
የቀትር ላብ ያጠመቃት ሴት ትታየኛለች።

ሴትዮዋ ሆደሊቭ ናት።
መመሪያ ያለ ምሳሌ አይቆምምና
«የእናቴን ውሰድ» አለኝ ዋውተር፤ «ጠይቄያታለሁ፤ ሳቀች።»
ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በሳምንት አራት ቀን
የቀዘፋውን ሐይቅ ትዞራለች፤ አምስት ኪሎ ሜትር።
ማስታወሻ በሚለው ሳጥን ውስጥ ቃል አታበዛም፦

«ነፋስ ከፊት።»
«ግራ ጉልበት።»
«ዳክዬዎቹ መንገድ ዘጉ፤ ቆምኩ፤ ሰዓቱን አላቆምኩም።»
«ከአርማንድ ጋር። ወሬው ከሩጫው ይበልጥ አደከመኝ።»
«ከአርማንድ ጋር።»
«ከአርማንድ ጋር።»

ከዚያ ምንም።
አርባ አንድ ቀን። ሁለት ቅንፍ፣ መሐላቸው ነጭ።

ወኪሉን ለሙከራ ጠየቅኩት፤ አፍታም አልቆየ፦
«ተጠቃሚዋ አርባ አንድ ቀን ዜሮ ኪሎ ሜትር ሮጣለች።
ፍላጎቷ ቀንሷል። በቀን በዐሥር ደቂቃ ትጀምር።
አይዞሽ በሏት።»
አይዞሽ ማለቱስ ባልከፋ፤
ግን ያቺ ዜሮ ከየት መጣች? መሣሪያው አላመጣት፣
ሆደሊቭ አልጻፈቻት፤
ነጩን ቦታ አይቶ ራሱ ሞላት።

እኔስ? ከእሱ የተሻልኩ መስሎኝ
ሐዘን ነበር ያሰብኩት። አርማንድን በልቤ ቀበርኩት፤
አበባም አስቀመጥኩለት፤
ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዋውተርን ጠየቅኩት።
«አርማንድ?» አለ፣ ሳንድዊቹን እያላመጠ፣
«ዳሌውን ቀየሩለት። ብረት ነው አሁን።
እናቴ በየቀኑ ይዛው ትወጣለች፤ በሁለት ምርኩዝ፣
ከአግዳሚ ወንበር እስከ አግዳሚ ወንበር።
ሰዓቷን ቤት ትታ ነው የምትሄደው።
እንዲህ ያለ እርምጃ ሲቆጠር ሰው ያሳፍራል ትላለች።»

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ገጽ አራትን ጻፍኩ፦

መልእክተኛ ባዶ እጁን ቢመለስ
ቤቱ ሰው የለበትም አትበል።
ባዶ ዜሮ አይደለም።
ዜሮ ማለት ሰው አስቦበት የጻፈው ቁጥር ነው፤
ባዶ ግን ያልተጻፈ ቀን ነው፤
በዚያ ቀን የሆነውን ይህ መሣሪያ አያውቅም፤
አንተም አታውቅም፤ ማወቅ ከፈለግህ
ባለቤቱን ጠይቅ።

ሊስቤት አርማ ላከችው። ከስምንቱ መስመር ስድስቱ ቀይ፤
«መመሪያ ነው፤ ስብከት አይደለም» ይላል ከጎኑ።
ልክ ናት። የተረፈው ይህ ነው፦

ባዶ ዜሮ አይደለም።
ባለቤቱን ጠይቅ።

ወኪሉን ደግሜ ሞከርኩት።
«ለእነዚህ አርባ አንድ ቀናት የተጻፈ ነገር የለም» አለ፤
ከሥሩም አንዲት ቃል፦ «ልጠይቃት?»
አልመለስኩለትም። ዝናቡ እንዳለ ነው፤
ከድልድዩ ማዶ መብራት በርቷል፤
ገጽ አምስት ይቀረኛል፣
የስህተት ቁጥሮች።