በቅሎዋና ሦስት ቁጥሩ

ከቦርከና ዳር ነው የኛ ሜዳ፣ ሜዳ ከተባለ፤
ግማሹን ሣር ላም አጨደው፣ ግማሹን ፀሐይ አቃጠለ።
አራት የወተት ዱቄት ጣሳ ቀብረናል፣ አፉ ወደ ሰማይ፤
ባንዲራው የፋብሪካ ብጣሽ፣ ከሩቅ ቀልቶ የሚታይ።
ተጫዋቹ ሁለት ነው፤ እኔና ዘውገ፣ ጡረተኛ፤
ሦስተኛው ነፋስ ነው፣ ከሐረጎ የሚወርድ ቀማኛ።

ከረጢቱን የተወልኝ ማሽን ሊተክል የመጣ መሐንዲስ ነው፤
ውሉ አልቆ ሲሄድ፣ ኪሎ በዛብኝ ብሎ ደጄ ላይ ጣለው።
ግማሹን ዱላ ዝገት በላው፤ ግማሹን ልጆች ለገና ወሰዱት፤
ከረጃጅሞቹ አንዱ ብቻ ቀረ፣ ሦስት ቁጥር የሚሉት።

ምላጩ ስስ፣ ፊቱ ጠባብ፣ እንደ ዳኛ የማይስቅ።
ሲያገኙት ኳሷ ዝቅ ብላ፣ ከነፋሱ ሆድ ሥር ሾልካ የምትዘልቅ፤
ሲስቱት ግን ጣት ሳይሆን አጥንት ነው የሚነግርህ፤
እስከ ክርንህ ይነዝርሃል፣ እራት ላይ ማንኪያ እስኪያስጥልህ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ፤ ብረት አውቃለሁ።
ብረት ሐሜት የለውም፤ የሳትኩትን እዚያው ፊት ለፊት እሰማለሁ።
ስለዚህ ወደድኩት።

ባለፈው ጥር ኑረዲን መጣ፣ ከዱባይ፣ ፀጉሩ ሳስቶ።
እዚያ የጎልፍ ሜዳ ሣር ነው አሉ የሚያጭደው፣ በሌሊት ተነሥቶ።
«ለጋሼ» አለኝ በጨርቅ የጠቀለለውን፤ «ሃይብሪድ ይሉታል፤
ግማሹ ብረት፣ ግማሹ የእንጨቱ ወገን፤ ቢስቱትም ይቅር ይላል።»

ጀርባው ጎበጥ፣ ሆዱ ሞላ፣ እግሩ አጠር፤ አየሁትና ሳቅኩ፤
«በቅሎ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?» ብዬ ጠየቅኩ።
«አባትሽ ማነው ስላት፣ እናቴ ፈረስ ናት ልትለኝ?»
ዘውገ ግን አልሳቀም። «ሐረጎን በጭጋግ ውረድ ብባል፣ ፈረሱ ይቅርብኝ» አለኝ።

ኑረዲን ዝም አለ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከቶርኖው ጎን፣ እንዲሁ ሲቆም አይቼዋለሁ።
አንድ ዘንግ ነበር፤ በግማሽ ሚሊ የሳሳ። ዘጠኝ ጊዜ አስደገምኩት፤
በዘጠነኛው፣ ፈረቃው ሁሉ እያየ፣ በበሩ ወረወርኩት።
«ብረት ይቅርታ አያውቅም» አልኩት። ትምህርት መስሎኝ።
በሳምንቱ ሥራ ለቀቀ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ።

አሁን ያ ልጅ ይቅር የሚል ብረት ተሸክሞ መጣ።
ምን ይባላል?
«ስንት ገዛኸው?» አልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ።

ከዚያ ወዲህ በየማምሻው ሁለቱን ይዤ እቆማለሁ፤
ከወንዙ መታጠፊያ ወዲህ፣ መቶ ሰባ ሜትር ሲቀር፣ አስባለሁ።
ኳሷ ሣር ውስጥ ጎጆ ከሠራች፣ ሦስት ቁጥሩን አንገቱን አንቆ ያስቀረዋል ሣሩ፤
በቅሎዋ በሆዷ ትንሸራተታለች፤ አያግዳትም ዱሩ።
ነፋስ ከወረደ ደግሞ፣ በቅሎዋ ኳሷን ሰማይ ትሰቅላታለች፤
ቀማኛው ያዝ ያደርጋታል፤ ቦርከና ውስጥ ናት፤ አለቀች።
ከቁልቁለቱ የከባድ መኪና ፍሬን ያፏጫል። እኔ ገና እመርጣለሁ።
«ስትመርጥ ጀንበሯ ገባች!» ይላል ዘውገ። እሰማዋለሁ።

ትናንት ነፋስ ነበር። ሦስት ቁጥሩን አወጣሁ፤
ስልሳ ስምንት ዓመቴን ወገቤ ላይ አዙሬ መታሁ።
ሳትኩ። ትከሻዬ ድረስ ነዘረኝ። ኳሷ ሃያ እርምጃ ተንፏቀቀች፤
አንዲት ጊደር ጠጋ ብላ አሸተተቻትና ንቃት አለፈች።

ኑረዲን ከኋላዬ ነበር። አልሳቀም። ሌላ ኳስ አስቀመጠ፤
በጫማው ጫፍ ጭቃውን ጠረገ፣ ሣሩን ረገጠ።
«ይድገሙት ጋሼ» አለ። «እስከ ዘጠኝ ጊዜ ይቻላል።»
ቀና ብዬ አየሁት። ቀልድ ይሁን የምር፣ ፊቱ አይለይም፤ መሽቷል።

እጄን ዘረጋሁ። የቱን እንደምፈልግ አልነገርኩትም፤
እሱም አልጠየቀኝም።
በቅሎዋን ሰጠኝ፤ እጀታዋ በመዳፉ ሞቆ ነበር።
ነፋሱ ግን አልቆመም።